የማይራገፈው ነጭ ጠጉር

ባለፈው ሳምንት ወረታ ሩዝ መፈልፈያው ደጃፍ ላይ ጆንያዬን አስደግፌ ተራ ስጠብቅ፣ ከጎኔ የቆመችውን ሴት ትከሻዋን መታ መታ አደረግሁና «እታለም፣ የሩዙ ብናኝ ግንባርሽ ላይ ተከምሯል፤ አራግፊው እንጂ፤ እንዲህ ሁነሽ ገበያ ልትወጭ ነው?» አልኋት። ምን አገባሽ የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ ያገባኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳክም ኖሬ እኔ ጡረታ ብወጣም ዓይኔ አልወጣም። ደግሞ የመፈልፈያውን ብናኝ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሞተሩ ሲነሣ ሰው ሁሉ ቅንድቡ ሳይቀር ይነጣል፤ ጎረምሳ ሁኖ የገባው ሽማግሌ መስሎ ይወጣል። ሴትዮዋ ቀስ ብላ ዞረች። ጠጉሯ ወደ ኋላ ተጎንጉኗል፤ ከግንባሯ መሀል የተነሣው ጉንጉን ግን ነጭ ነው፣ የተባዘተ ጥጥ የመሰለ ነጭ። ለብቻው አስጎንጉናዋለች፤ ሆን ብላ፣ ይታይልኝ ብላ። «ሲስተር እናኑ» አለችኝ እየሳቀች፣ «ይኸ እንኳ አይራገፍም። እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ አይራገፍም ያሉኝ?»

ወይ ጉድ! ማስተዋል ናት! የቁሐር ሚካኤሏ ማስተዋል! እዚያው ጆንያ መሀል ተቃቅፈን ስንሳሳም፣ እኔ ሳለቅስ እሷ ስትስቅ፣ ተረኞቹ «እናንተ ሴቶች፣ ወይ ግቡ ወይ ውጡ» ብለው እስኪጮሁብን ድረስ ቆየን። ለካ ሁለተኛዬ ነው። በዚች ልጅ ግንባር ላይ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ የአሁኑ አሳቀን፣ የያኔው ግን ቤት ሊያፈርስ ነበር። ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች፤ ራሱ በነጭ የሹራብ ኮፍያ ተሸፍኗል። እኔ መቼስ ልማድ አይለቀኝም፣ እጄን ወደ ኮፍያው ስሰድ ዘወር አለችብኝ። «አይሆንም! በዕድሜዬ ማምሻ ያገኘኋት ናት፤ እሑድ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና ትነሣለች። ክርስትና እናቷ እርስዎ ነዎት። እዚያው ከሰው ጋር ያዩታል» አለችኝ። እሽ አልሁ እንጂ ሳምንቱን እንዴት እንደ ዋልሁት እኔ ነኝ የማውቀው። እየሠራሁ እየተኛሁ ያኔ ያኔ ይለኛል።

ያኔ ወረታ እንዲህ አልነበረችም። ባጃጅ የለ፣ ፎቅ የለ። ወደ ደብረ ታቦር መገንጠያው ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበረች፤ ቴፑ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ ካሴት ያዞራል፤ ክሩ ሲወላገድ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ሻይ አሥር ሳንቲም ነው፤ አምስት ሳንቲም የጨመረ ፓስቲ ይበላል። ከሻይ ቤቷ አልፎ የሐጂ ሱቅ ነው፤ ቴርጋሉ በጥቅል በጥቅል ተደርድሮ፣ ሐጂ ራሳቸው ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጥለው «ይችን ልበሽ ልጄ፣ አትተኮስ፣ አትጨማደድ» ይላሉ። እኔ ከነርስ ትምህርት ቤት በወጣሁ በዓመቴ፣ ባለ ሽንሽን ቴርጋል ቀሚስ አስፍቼ፣ በላዩ ነጭ ጋውን ደርቤ፣ የማን ልጅ ናት የምባል ነበርሁ። ጋውኑን ቀጥ እንዲል የሩዝ ቅቅል ውሃ ውስጥ ነክሬ ነበር የማደርቀው። ሩዝ ያን ጊዜ ለፎገራ አዲስ ነው፤ ገበሬው ገና «የወፍ ቀለብ» እያለ ይስቅበታል፤ እኔ ደግሞ እህሉን ሳልወደው ውሃውን ወደድሁት፤ ጋውኔ ሲደርቅ ብቻውን የሚቆም ይመስል ነበር። ዛሬ ያ የወፍ ቀለብ አገሩን ሁሉ ባለ ቆርቆሮ አድርጎታል። ታዲያ ጋውኔ ቀጥ ሲል እኔም ቀጥ እል ነበር። የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ጥፋቴም ከዚያ መጣ።

ክረምቱ ገብቷል፣ ሜዳው ውሃ ይዟል። አንድ ጠዋት ሦስት ሴቶች እኔ የምሠራበት ክሊኒክ ገቡ፤ አንዷ ሰባት ዓመት የሆናት ማስተዋል፣ አንዷ እናቷ የዝና፣ አንዷ የአባቷ እህት ጥሩነሽ። ጥሩነሽ ናት ሁለቱን እየነዳች ያመጣቻቸው። የሆነውም ይኸ ነው፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት ግቢ ስትጫወት ዶፍ ወረደባት፣ ሻሿ ራሰ፣ ከሻሿ ሥር ጥቁር ውሃ በፊቷ ላይ ወረደ። ልጆቹ ጮሁ። አስተማሪው ሻሿን ሲፈታው የግንባሯ ጠጉር ነጭ፣ ከጠጉሩ ሥር ያለውም ቆዳ ነጭ። የዝና ለካ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ጥላሸት በቅቤ እየለወሰች ስትቀባት ኖራለች። ጥሩነሽ ይኸን ስትሰማ አበደች። «ይችን እይልኝ! ቁምጥና ደብቃብን ነው የኖረች!» ብላ ልጅቷን ወደ እኔ ገፋቻት። ቀሚሷን ገለጥሁ፤ ጉልበቶቿም ላይ እንደዚያው ነጭ አለ። እኔ ቀጥ ያልሁት ሲስተር፣ አልነካሁ፣ አልጠየቅሁ፣ ትምህርት ቤት የነገሩኝ አንድ መስመር ብቻ ትዝ አለኝ፤ ቆዳ ላይ የነጣ ነገር ስታዩ ሥጋ ደዌን ጠርጥሩ። መጠርጠር ከመናገር በፊት መሆኑን ማን ያስታውሰኝ? «ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል» አልሁ። «ሊሆን ይችላል» የሚለውን ጥሩነሽ የት ሰምታው! ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዝናቡን ሳትፈራ ወጥታ ሄደች።

የዝና ግን አልወጣችም። በረንዳው ላይ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጠች። አታለቅስም፤ የልጇን ጫማ፣ ያችን ቀይ ኮንጎ፣ ጭቃዋን በጣቷ ትጠርጋለች። እኔም በሩ ላይ ቆሜ አያታለሁ። አንዲት ዝንብ መጣችና በልጅቷ ግንባር ላይ፣ ልክ ነጩ ላይ አረፈች። ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ ጧ አድርጋ መታቻት። ዝንቧ ዞራ መጣች፣ እዚያው ነጩ ላይ። ልጅቷ እንደገና ጧ! ያን ጊዜ ነቃሁ። ሥጋ ደዌ የነካው ቆዳ እኮ አይሰማም፤ የማይሰማ ቆዳ ደግሞ ዝንብ አያባርርም። ሮጬ ጥጥ አመጣሁ፣ ቀጭን አድርጌ አሾልሁና ዓይኗን ሸፍኜ በነጩ ላይ ዳሰስ አደረግሁ። «እዚህ» አለች። ጉልበቷን፣ «እዚህ። ኧረ ኮረኮሩኝ!» ብላ ሳቀች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኋት እናቷን። «ስትወለድም ነበራት ሲስተር። ከሆዴ ይዛው ነው የወጣች» አለችኝ። ይኸው! ሥጋ ደዌ ደግሞ ከናት ሆድ ይዘውት አይወጡም። «እየሰፋ ሄዷል?» ብላት «ኧረ የለም፤ እሷ ስታድግ አድጎ እንደሁ እንጂ ሌላ ቦታ አልወጣም» አለች። በሰባት ዓመት ያልሰፋ ነገር ለምጽም አይመስልም። ምን እንደ ሆነ ስሙን አላወቅሁትም፤ ምን እንዳልሆነ ግን አወቅሁ። «የዝና፣ ተሳስቻለሁ። ሂጅ ንገሪያቸው፤ በሽታ አይደለም» አልኋት። እንዲህ ብዬ ደግሞ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ፤ ያች ሞኝ እኔ!

ለእናት ቃል ማን ጆሮ ይሰጣል? በሁለተኛው ቀን አንድ የቁሐር ሰው ለገበያ መጥቶ መልእክት አደረሰኝ። «የዝና እንዲህ ትላለች፤ ነገ ረፋዱ ላይ ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው፤ ከባሌ ከደመቀ ሊያፋቱኝ፣ እኔን ወደ እናቴ አገር ወደ አንበሳሜ፣ ልጄን ደግሞ የሰው ዓይን ወደማያያት ቦታ ሊሰዱብኝ ነው። ቃሉ ከእርስዎ አፍ ስለ ወጣ ከእርስዎ አፍ ካልተመለሰ አይመለስም።» እውነቷን ነው። ለነገሩ ሥጋ ደዌ እንኳ ቢሆን ኖሮ መድኃኒት የሚውጡበት እንጂ ልጅ የሚጥሉበት በሽታ አይደለም፤ ግን ይኸን ለጥሩነሽ ማን ያስረዳት። በማግሥቱ ጥጤን በላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ፎገራን በክረምት ያላየ ሰው ሜዳ ይመስለዋል። ባሕር ነው! ቴርጋሌን እስከ ወገቤ ሸብ አድርጌ ገባሁ፤ ውሃው ጭኔ ደረሰ፣ ኮንጎዬን ጭቃው ዋጠው። አንድ ገበሬ በሬውን እየነዳ ሲመጣ አየኝና «አንች ልጅ፣ ልትሰጥሚ ነው እንዴ? ጭራውን ያዥ!» አለኝ። ያዝሁ። ጥቁርና ነጭ፣ ቡሬ፣ ደኅና አድርጎ የፎገራ በሬ ነው፤ ግንባሩ ላይ ደግሞ ነጭ ቦቃ አለው። ጭራውን ይዤ፣ ጭቃው ሲረጨኝ፣ ያን ቦቃ ዞር ባለ ቁጥር እያየሁ ሄድሁ። መሀል መንገድ ላይ ሳልጠይቀው «ይኸ የቦቃው ዘር ነው፤ አባቱም እንዲሁ ነበር» አለኝ ገበሬው፣ ልጁን እንደሚያስተዋውቅ ሰው ኮራ ብሎ። እኔ ቆምሁ። «ምን አሉኝ?» አልሁት። «አባቱም ቦቃ ነበር፤ ምነው?» አለኝ። ጭራውን አጥብቄ ያዝሁና «እባክዎ ይፍጠኑ!» አልሁት።

ሽማግሌዎቹ ውሃ የማይደርስበት ጉብታ ላይ፣ ሾላው ሥር ተቀምጠዋል። መሀል ላይ የደመቀ አባት፣ የልጅቷ አያት፣ መምሬ አድማሱ አሉ። መምሬ አገሩ ሁሉ የሚፈራቸው ቄስ ናቸው፤ ጥምጥማቸው እስከ ቅንድባቸው ይወርዳል፤ ያለ ጥምጥም ያያቸው ሰው የለም ይባል ነበር። ደመቀ አንገቱን ደፍቶ ሣር ይነቅላል፤ ሰውዬው ደግ ነው፣ ግን እህቱ ስትናገር ምላሱ ይያያዛል። የዝና ልጇን አቅፋ ከሴቶቹ ተለይታ ብቻዋን ቆማለች። እኔ ከራስ እስከ እግሬ ጭቃ ሁኜ፣ ባዶ እግሬን ስደርስ «ይች ደግሞ ከየት ወጣች?» አለ አንዱ። እጅ ነሣሁ። «አባቶቼ፣ ያ ቃል የወጣው ከእኔ አፍ ነው። ልጅቷን ሳልመረምር ተናገርሁ። አጠፋሁ። ሰው ሁሉ ባለበት ልመልሰው ነው የመጣሁ» አልሁ። ሐኪም አጠፋሁ ሲል ሰምተው ስለማያውቁ መሰለኝ ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ።

ጥጤን አወጣሁ። ማስተዋልን በእናቷ ነጠላ ጫፍ ዓይኗን ሸፈንኋትና ነጩን ዳሰስሁ። «ግንባሬን!» አለች። ጉልበቷን፣ «ቀኙን! አሁን ግራውን!» አንድም ሳትስት ጠራቻቸው። አንዱ ሽማግሌ «እስቲ የኔንም ሞክሪልኝ» ብለው እግራቸውን ዘረጉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የተሰነጠቀ ተረከዛቸውን ሦስት ጊዜ በጥጡ ብዳስሰው ምንም። «መቼ ነው የምትጀምሪ?» አሉኝ። ሾላው ሥር ሳቅ ፈነዳ። «በሉ እንግዲህ ከአገር የሚወጡት እርስዎ ነዎት!» አልኋቸው፤ እሳቸውም ሳቁ። ጥሩነሽ ግን አልሳቀችም። «እሽ፣ ቁምጥና አይሁን። ታዲያ ምንድን ነው? በኛ ቤት እንዲህ ያለ ዘር የለም። ከነሱ ነው የመጣ። ነገ የሚወለደውስ?» አለች። ሳቁ ቆመ።

እኔም የበሬው ጭራ ያስተማረኝን ይዤ ተነሣሁ። «አባቶቼ፣ ከብት የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ እስቲ እኔን አስተምሩኝ። ቦቃ ጥጃ ሲወለድ ቦቃው እያደር ይሰፋል?» «አይሰፋም፤ እንደተወለደ ነው።» «በረት አብረው ስላደሩ ይጋባል?» «ኧረ ወዲያ! ቢጋባማ አገሩ ሁሉ ቦቃ በሆነ።» «ወተቷስ ይቀንሳል? በሬው ማረስ ያቅተዋል?» «ምን ሲደረግ!» «ታዲያ ከየት ይመጣል?» «ከዘሩ ነዋ! ወይ ከወይፈኑ፣ ወይ ከላሟ» አሉኝ፣ ይኸን የማታውቅ ደግሞ ምን ታክማለች በሚል ድምፅ። «የዚችም እንደሱ ነው። ጠጉሯ ቦቃ ነው። በሽታ አይደለም፣ አይጋባም፣ አይሰፋም፣ አይራገፍም። እንግዲህ ከሁለቱ ቤት በአንዱ ግንባሩ ነጭ የሆነ ሰው መኖር አለበት። ማን ነው?» አልሁ። የዝና «በኛስ የለም፤ በሚካኤል!» ብላ ማለች። ጥሩነሽ አፏን ከፈተች።

«ጥሩነሽ፣ ዝም በይ» አሉ መምሬ አድማሱ።

ከዚያ እጃቸውን ወደ ራሳቸው አነሡ። አንድ ዙር ፈቱ። ሁለት ዙር። ጨርቁ ረጅም ነው፣ አያልቅም። «አባቴ፣ ምን ሁነዋል?» ብሎ ደመቀ ሊይዛቸው ተነሣ፤ በዓይናቸው አስቀመጡት። የመጨረሻው ዙር ሲወርድ፣ ራሳቸው ተላጭቷል፣ ግንባራቸው መሀል ላይ ግን ነጭ አለ፤ ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ፣ ልክ የማስተዋል! ቁርጥ እሱ! «እናቴ ልጅ ሳለሁ ትላጨኝ ነበር» አሉ። «ቆሎ ትምህርት ቤት ራሴ ተላጨሁ። ስቀስስ ጥምጥሙ ሸፈነልኝ። ይችን ልጅ ክርስትና ሳነሣት አየሁ፤ ጥላሸቱ ውሃው ሲነካው ለቀቀ። አየሁና ዝም አልሁ። የዝናን ፈረድሁባት። ይች የትናንት ልጅ በሰው ፊት አጠፋሁ ስትል፣ እኔ ሽበቴን ይዤ ምን እደብቃለሁ?» ደመቀ ከመሬቱ ተነሣ፣ ሸሚዙን ወደ ላይ ሰበሰበ። ሆዱ ላይ መዳፍ የሚያህል ነጭ አለ። «ታዲያ ይኸስ? እናቴ ትኩስ ወተት ፈሶብህ ነው ትለኝ ነበር!» አለ። መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወተት አልፈሰሰብህም ልጄ። ስለ እኔ ብላ ነው የዋሸች።»

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። የዝና ያን ጊዜ ነው ያለቀሰች፤ ያን ሁሉ ቀን ያልወጣ እንባ ነው መሰል፣ ነጠላዋን አራሰው። ደመቀ ምላሱ ተፈቶ «ሚስቴ አትሄድም! ልጄም አትደበቅም!» ሲል ሜዳው ሁሉ ሰማው። መምሬ ጥምጥሙን መልሰው አላሰሩትም፤ ክንዳቸው ላይ ጥለው ልጅቷን ጭናቸው ላይ አስቀመጧትና ግንባሯን በግንባራቸው ነኩት። ከሴቶቹ አንዷ፣ ማንነቷን እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ እዚያው ፈጥራ አወጣችው፤

«ጥምጥሙ ሲፈታ ታየ ምስክሩ፣
የየዝና አይደለም የመምሬ ነው ዘሩ።»

ያን ክረምት አረም የወጣ ሁሉ እየተቀባበለ ሲዘፍነው ከረመ። እኔም ኮንጎዬን ለጭቃው ትቼ፣ በሰው በቅሎ፣ እንደ ሙሽራ ታጅቤ ወረታ ገባሁ። ሐጂ ሲያዩኝ «ቴርጋሉ አይጨማደድም አላልሁሽም?» አሉኝ፤ ከላይ እስከ ታች ጭቃ ነበር እንጂ እውነትም አልተጨማደደም።

ኋላ ልጅቷን ጎንደር ወስደን የቆዳ ሐኪም አሳየናት። ሰውዬው ዓይኗን አየ፣ ሰዓቱን ከጆሮዋ ኋላ ይዞ መስማቷን ፈተነ፣ ቤተሰቡን ጠየቀ፤ ከዚያ አንድ ረጅም የፈረንጅ ስም ጠርቶ «ከስንት አንድ የሚገኝ ነገር ነው፤ አይጎዳትም፣ መድኃኒትም አይፈልግ። ፀሐይ እንዳያቃጥላት ብቻ ነጩን ትሸፍን» አለ። እኔን ዞር ብሎ አየኝና «ማን አወቀው?» ሲል፣ «የቁሐር ከብት አርቢዎች» አልሁት። ሳቀ፤ የቀለድሁ መስሎት ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ነጭ፣ ስንት ሰማያዊ፣ ስንት ቡናማ ምልክት ያለበት ልጅ በእጄ አለፈ! አንድም ቀን ሳልነካ፣ ሳልጠይቅ፣ የአያትን ግንባር ሳላይ አፌን አልከፈትሁም። ጋውኔ ግን እስከ ጡረታዬ ቀጥ እንዳለ ነው፤ እሱን አልተውሁም።

እሑድ ደረሰና ቁሐር ሚካኤል ሄድሁ፤ በባጃጅ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ። መምሬ አድማሱ ካረፉ ቆይተዋል። ደመቀ ሸብቷል፤ ጥሩነሽ በትር ይዛለች፣ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው። የዝና አቀፈችኝና ሕፃኗን ከማስተዋል ተቀበለች። ከጥምቀቱ በፊት፣ ያኔ ሽማግሌ የተቀመጠበት ሾላ ሥር፣ ሰው ሁሉ ከቧት አንገቱን አሰገገ። ልጅ አዋቂው፣ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «አላት? አላት ወይ?» ያን ጊዜ እንዳይኖር ይለምን የነበረው ቤት፣ ዛሬ እንዲኖር ይጨነቃል። የዝና የኮፍያውን ክር ያዘች። ያ ጣት ሰባት ዓመት ጥላሸት ሲለውስ የኖረው ጣት ነው። ሳትቸኩል ፈታችው፣ ኮፍያውን አወለቀችና ልጅቷን ሰው ሁሉ እንዲያያት ከፍ አድርጋ ያዘቻት።

ግንባሯ መሀል ላይ፣ ጣት የምታህል፣ ነጭ!

እልልታው ሾላውን አነቃነቀው። ደመቀ «ቁርጥ አባቴ!» አለ። ጥሩነሽ በትሯን መሬት ላይ መታችና «የኔ ልጆችማ ስንት ወልደው ለአንዱ እንኳ አልወጣለት አለ! ምን ብናጠፋ ነው?» ብላ ስታማርር፣ እኔና የዝና ተያየን። የዝና ሳቀች። ከዚያ ንጹሕ ቅቤ በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ፣ ያችን ነጭ ጠጉር ይበልጥ እንድታበራ ቀባቻት።